ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ የምትነዱ፣ መኪናችሁ በስንት ብር እንደተጻፈ ዛሬውኑ እዩት

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ መኪናዬ ገራዥ ናት። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ፣ ንዴቴ ገና አልበረደም። 240,000 ብር ጥገና የወጣባት መኪና ላይ ኢንሹራንሱ የምንከፍልሽ 90,000 ብር ነው ብሎ ነው ያሰናበተኝ። ሶስተኛ ወገን ብቻ አይደለም እኮ የገባሁት፣ ሙሉውን ነው፣ አረቦኑንም፣ ማለት የዓመቱን የኢንሹራንስ ክፍያ፣ አንዴ ነው ግጥም አድርጌ የከፈልኩት። ከፋፍዬ ልክፈል እንኳን አላልኩም።

መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ የ2003 ሞዴል፣ የመጀመሪያዬ ናት። ስለ ደላሎቹ አላደክማችሁም፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ "የሴት መኪና ናት፣ ከቤት መስሪያ ቤት ብቻ ነው የተነዳችው" ምናምን። በ2012 የኤክሳይዝ ታክሱ መጣ፣ ጥር 2016 ላይ ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከዛ ወዲህ እዚህ አገር ያለች ቪትዝ ሁሉ እንዴት እንደተወደደች የማያውቅ የለም። ኤሌክትሪክ ግዢ ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተከራይቼ ቻርጅ የማደርገው በመስኮት ገመድ ጥዬ ነው? እቁቤ ሲወጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ጨመረልኝና በ1,600,000 ብር ገዛኋት። መካኒክ ይዤ ሄጃለሁ፣ እዳና እገዳ አስጣርቻለሁ፣ ውልና ማስረጃ ተዋውለን ሊብሬውም በስሜ ዞሯል። በመኪናው በኩል አንድም ሰው አላታለለኝም። ሁሉም ሰው ደላላውን ተጠንቀቂ ተጠንቀቂ ሲለኝ ከርሞ የተበላሁት ደላላው ከሄደ በኋላ ነው።

የኢንሹራንስ ወኪሉ በመስሪያ ቤት ልጅ በኩል ነው የመጣው። አይነቱን ታውቁታላችሁ፣ ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥሎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው፣ ቦሎም ላድርስልሽ፣ ሶስተኛ ወገኑንም እኔው ልጨርስልሽ፣ አንቺ ቁጭ በይ የሚለው። እህቴ ሳይል ቃል አይጀምርም። ከሱ በፊት ሌላ ድርጅት ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ በ1,600,000 አስልተው 38,000 ብር ገደማ አሉኝ፣ ይህንን ለሱ ነገርኩት። በዛው ምሽት በቴሌግራም ቮይስ ላከልኝ፣ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው ምክንያቱም ለወንድሜ ደጋግሜ አሰምቼዋለሁ፦ "ስሚኝ እህቴ፣ ሞዴሏ አሮጌ ነው፣ ማንም በሙሉ ዋጋ አያስገባም። 800 እናድርጋት፣ አረቦንሽ በግማሽ ይወርዳል። ግጭት ቢመጣ እኮ የሚከፈለው ጥገናው ነው፣ የቱ ጥገና ነው 800 ሺህ የሚደርሰው? ምን ያስጨንቅሻል?"

እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ አያሳምንም? ወንድሜ አካውንታንት ነው፣ እሱም ልክ ነው አለኝ። ባይዘዌይ ያው ወኪል ፒቪቲ ልጨምርልሽ ወይ፣ ማለት በሁከትና በሽብር ጊዜ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውን፣ የስፖኪዮ ስርቆትስ ይጨመር ወይ ብሎ አንድ ባንድ ጠይቆኛል። ስለ ስፖኪዮ ሩብ ሰዓት አውርቷል። ስለ ዋናው ነገር ትንፍሽ አላለም።

አደጋው ቀላል ነው፣ ሰው አልተጎዳም ተመስገን። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ከፊቴ የነበረው አይሱዙ ድንገት ቀጥ አለ፣ እኔ ከኋላው ገባሁ። ትራፊክ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ ርቀት ባለመጠበቅ ጥፋቱ የኔ ተባለ፣ አልተከራከርኩም። አይሱዙው ጭረት ብቻ ነው ያገኘው። የኔዋ ግን ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ሁለቱም መብራት፣ ራዲያተር፣ አንድ ፓራፋንጎ። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የጠዋት ዋጋ ከሰዓት አይሰራም፣ ከገራዦቹ የሰበሰብኩት ፕሮፎርማ ጊዜው እያለፈበት ስንት ጊዜ እንዳሳደስኩት! የነሱ ኢንጅነር መጥቶ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ፣ ጠፋ። ስደውል "ፋይልሽ ሂደት ላይ ነው"። ሌላ ሰው ያነሳና ደግሞ "የምን ፋይል?"።

ዛሬ ነይ ተባልኩ። ወኪሉን አብረኸኝ ሂድ አልኩት፣ እሱ ሰዎቹን ያውቃቸዋል ብዬ ነው እንግዲህ። መጣ፣ ከሰዎቹ ጋር በትከሻ ተሳሳመ፣ ጥግ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

ክሌም ሰራተኛው፣ የካሳ ጥያቄ የሚያየው ማለት ነው፣ በእድሜ ብዙም አይበልጠኝም። ከኔ ቀጥሎ ሱፍ የለበሱ ትልቅ ሰውዬ ገቡና እሳቸውን "እርስዎ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣልዎት" አላቸው፣ ወደኔ ዞሮ "አንቺ ሊብሬሽን አምጪ"። ሊብሬውን ሰጠሁት። እያገላበጠ፣ ፊቴን ሳያየኝ፣ እንዲሁ ወሬ በሚመስል ድምጽ "በስንት ገዛሻት?" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንድ ነጥብ ስድስት አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። ከዛ ካልኩሌተር አወጣ፣ ስምንት መቶውን ለአንድ ሚሊዮን ስድስት መቶው አካፈለና ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ዜሮ ነጥብ አምስት።

"ግማሽ መኪና ነው ያስገባሽው" አለኝ። "ስለዚህ የጥገናውን ግማሽ ነው የምንከፍለው።"

አልገባኝም። ጥገናው እኮ 240,000 ነው፣ 800,000 አልደረሰም አልኩት። ይሄኔ ነው የሳቀው። ወደ ጎን ወዳለችው ልጅ ዞሮ "ሰማሻት?" አላት። ከዛ ለኔ፣ ልክ ለህጻን እንደሚነገር ቀስ እያለ፣ "ግማሽ ዳቦ የገዛ ሰው ሙሉ ዳቦ አይበላም የኔ እናት"። ልጅቷም ሳቀች። ሱፍ የለበሱት ሰውዬ እንኳን ፈገግ አሉ።

ወደ ወኪሉ ዞርኩ። "አንተ አይደለህ እንዴ 800 እናድርጋት ያልከኝ?" አልኩት።

ስልኩን እየነካካ ነበር። ቀና ሳይል "እኔ የነገርሽኝን ነው የሞላሁት። ፊርማው ያንቺ ነው" አለ። እህቴም አላለም።

ቮይሱ አለኝ እኮ፣ አሁን አሰማችኋለሁ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ቴሌግራም ከፈትኩ። ስሙን ፈለግኩ፣ የለም። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ፣ የለም። ጠዋት "ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ" ያለኝ መልእክት ከላይ ተቀምጦ ነበር፣ እሱም የለም። አጠቃላይ ቻቱ ለሁለታችንም ጠፍቷል። ያን ሁሉ ሰዓት ጥግ ላይ ሆኖ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ለካ እሱን ነው! እዛው ፊቴ ተቀምጦ! ቀና ብዬ ሳየው ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ስብሰባ አለኝ ብሎ ተነሳ፣ ለክሌም ሰራተኛው እጁን አውለብልቦለት ወጣ።

እኔ ስልኬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰራተኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ቢኖርም እኮ ዋጋ የለውም፣ እዚህ የምናየው የተፈረመውን ነው"።

በዚህም አላበቃም። ግማሹ 120,000 ሆነ አይደል፣ ከሱ ላይ 10 ፐርሰንት ኤክሰስ፣ ማለት ባለመኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል አለ። እሺ፣ ይህንን አውቃለሁ። ከዛ መንጃ ፈቃዴን አየና "ሁለት ዓመት አልሞላሽም፣ ሌላ 10 ፐርሰንት"። የት ተጽፏል ስለው ፖሊሲውን ገልብጦ በጣቱ አሳየኝ፣ በደቃቅ እንግሊዝኛ፣ እድሜው ከ25 በታች ለሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሹፌር ተጨማሪ ይቆረጣል ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነኝ። ወኪሉ የመንጃ ፈቃዴን ኮፒ የተቀበለኝ በገዛ እጁ ነው፣ ቀኑ ላዩ ላይ አለ። 96,000 ሆነ። ከዛ የተሰበሩትን እቃዎች ለኛ ገቢ አላደረግሽም ተብሎ 6,000 ለሳልቬጅ ወረደ። የተሰበረ ፓራውልት! ገራዡ ጓሮ ተጥሎ ዝናብ እየመታው ነው፣ መጥታችሁ ውሰዱት ብል "ጊዜው አልፏል"።

ሳታነቢ ለምን ፈረምሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እስቲ ከእናንተ ውስጥ ማን ነው ያንን ሙሉ እንግሊዝኛ አንብቦ የፈረመው? ፖሊሲው ደግሞ የሚመጣው ከከፈልክ በኋላ ነው፣ ስትፈርም የሚሰጥህ አንድ ፎርም ነው፣ እሱንም ወኪሉ ሞልቶት ይመጣል፣ አንተ በኤክስ ምልክቱ ላይ ትፈርማለህ። ደግሞ ወኪሉ ኮሚሽኑ ከአረቦን ላይ ስለሆነ ዝቅ ማድረጉ ምን ይጠቅመዋል እንዳትሉኝ፣ 38,000 ያለኝ ድርጅት ሊወስደኝ ነበራ። ከምንም ግማሽ ኮሚሽን ይሻለዋል። የኔ መኪና ስትጋጭ ከሱ ኪስ የሚወጣ ነገር የለም።

ስራ አስኪያጇ ጋ ገባሁ። ሴት ስለሆነች ትሰማኛለች ብዬ ነበር። ስልክ እያናገረች በእጇ ቁጭ በይ አለችኝ፣ ስትጨርስ "ህግ ነው፣ እኛ አላወጣነውም" ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። አንድ የማውቀው ጠበቃ ጋ ደወልኩ፣ እውነቷን ነው አለኝ፣ ከዋጋው በታች የገባ ንብረት በመጠኑ ነው የሚከፈለው፣ ከ1952ቱ የንግድ ህግ ጀምሮ ያለ ነገር ነው አለኝ። ይሁን፣ ህጉ ህግ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ህጉን የሚያውቀው ሰውዬ ሳያስገባኝ በፊት አለማውራቱ፣ ካስገባኝ በኋላ ደግሞ ያወራውን ማጥፋቱ ነው። ጠበቃው ቮይሱን ለወንድምሽ ፎርዋርድ አድርገሽለት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከስልኬ ነው ያሰማሁት።

90,000ውን ለመውሰድ "ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። አልፈረምኩም። "እንግዲህ ቼኩ አይወጣም" ብሎ ፋይሉን ዘጋ፣ ሱፍ ለባሹ ሰውዬ ሻይ እየጠጡ ነበር።

የድርጅቱን ስም አሁን አልጽፍም፣ ማመልከቻዬን ለብሄራዊ ባንክ ነው የማስገባው፣ ኢንሹራንሶቹንም ወኪሎቹንም ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ። ስም አጥፍተሻል ብለው ነገሩን እንዲያዞሩብኝ አልፈልግም።

እናንተ ግን፣ በተለይ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ፣ መኪናውን ዛሬ ገበያ በሚያወጣው ዋጋ አስገቡ፣ አረቦኑ ቢያማችሁም። አምና በገባበት ዋጋ ዝም ብላችሁ ያደሳችሁ ካላችሁ ያው እንደኔ ናችሁ፣ የመኪናው ዋጋ ጨምሯል ወረቀቱ ግን አልጨመረም፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ልዩነቱን ከፍላችሁ አስተካክሉት፣ አመቱ መሀል ላይም ይቻላል። የወጣት ሹፌር ኤክሰስ ስንት እንደሆነ ሳትፈርሙ በፊት በጽሁፍ ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ የላኩላችሁን ቮይስ እዛው አትተዉት፣ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ላኩት።

ይህንን እየጻፍኩ ወኪሉ በሌላ ቁጥር ጻፈልኝ፦ "እህቴ አትናደጂ፣ ስራ ነው። ስታድሺ በሙሉ ዋጋዋ እናስገባታለን፣ ቅናሽ አስደርግልሻለሁ።" ይሄንን ስክሪንሾት አድርጌ ለወንድሜም ለጠበቃውም ልኬዋለሁ። ከናንተ መሀል በዚሁ አይነት ወኪል የተበላ ካለ የፖሊሲውን ኮፒ ይዞ ይጻፍልኝ፣ ማመልከቻው ላይ ብዙ ብንሆን ይሻላል።