አዲስ መኪና ልትገዙ ነው? ከዋጋው ድርድር በኋላ የሚመጣባችሁን ጭማሪ ተጠንቀቁ

አዲስ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ወደ ሻጩ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ዋጋ ተከራክራችሁ ስትስማሙ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ወደ ሌላ ቢሮ ትገባላችሁ፤ እዚያ ሌላ ሰው ውል ዘርግቶ ይጠብቃችኋል። የቀለም መከላከያ፣ የወንበር መከላከያ፣ የተራዘመ ዋስትና፣ የጎማ ኢንሹራንስ፣ በአየር ፋንታ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን፣ መስታወት ላይ የሚቀረጽ የሻንሲ ቁጥር እየተባለ ይቀጥላል። ብዙ ሻጮች ደህና ትርፍ የሚያገኙት እዚህ ነው። ከመኪናው ዋጋ ላይ የቀነሱላችሁን እዚህ ቢሮ ውስጥ መልሰው ሊወስዱት ይችላሉ።

ሁሉም ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። የሚጠቅምም አለበት። የሚያናድደኝ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ሰው ደክሞታል፣ ቁልፉን ለመቀበል ቸኩሏል፣ ያኔ "እዚህ ጋ ፈርሙ" ይባላል። አንድ ዘመዴ ከመፈረሙ በፊት ውሉን እንዳይለት ላከልኝ። "የጥበቃ ጥቅል" የሚል አንድ መስመር ገብቶበታል፤ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ሲጠይቅ "ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው" አሉት። "ከፋብሪካው ነው ወይስ እናንተ የጨመራችሁት?" ብሎ ሲያጠብቅባቸው ግን ሊወጣ እንደሚችል አመኑ። ይህን ጥያቄ እናንተም ያዙት።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ዋጋውን በወር ከፋፍለው ሲነግሯችሁ ነው። "በወር ይህችን ታህል ብቻ ነው የምትጨምረው" ይሏችኋል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በ8 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በ5 ዓመት የሚከፈል ብድር ውስጥ የገባ እያንዳንዱ 100፣ ተከፍሎ ሲያልቅ 122 ገደማ ይደርሳል። መከላከያ የተባለው ነገር ከታጠበ ከለቀቀ በኋላም ወለዱን እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው።

የባሰው የሚመጣው ጊዜው ሲራዘም ነው። ብድሩ ከ5 ዓመት ወደ 6 ዓመት ከተገፋ፣ በዚያው 8 በመቶ ወለድ የብድሩን መጠን በ15 በመቶ ያህል አሳድገውት እንኳ ወርሃዊ ክፍያችሁ ንቅንቅ አይልም። እናንተ "ክፍያው አልጨመረም እኮ" ብላችሁ ትፈርማላችሁ። የጨመረው 12 ወር ነው። መጀመሪያ የተበደራችሁት 100 ቢሆን፣ በዚያች ተጨማሪ ዓመት ብቻ 24 ገደማ ትከፍላላችሁ። ይህንን ያላስተዋለ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩ እንዳይስተዋል ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጭማሪ ዋጋ ለየብቻ፣ በሙሉ መጠኑ፣ በወረቀት ላይ አስጽፉ። የብድሩን ዘመንና ወለድ ደግሞ ጭማሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ቁረጡ።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመጣ፣ ናይትሮጅኑን ያለ ሐሳብ እለፉት። ተራ አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ከጎማ ውስጥ ትንሽ ቀስ ብሎ መውጣቱ እውነት ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ጎማዎችን ሞልቶ ለአንድ ዓመት አስቀምጦ ለክቶታል። በአየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው)፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ፒኤስአይ ቀነሱ። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ፒኤስአይ ነው። የጎማ ነፋስ በየወሩ የሚያስለካ ሰው ይህንን ጭራሽ አያስተውለውም።

የሻንሲ ቁጥር መስታወት ላይ ማስቀረጽም ቀላል ሥራ ነው፤ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ በርካሽ ታሠሩታላችሁ። የወንበር መከላከያ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከሱቅ ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትረጩት የምትችሉት ፈሳሽ ነው።

የቀለም መከላከያው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ዘመናዊ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቀለሙ በላይ ግልጽ የሆነ መከላከያ ተቀብቶለት ነው። በደንብ የተሠራ ሴራሚክ ኮቲንግ፣ ማለትም ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚደርቅ ጠንካራ ሽፋን፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ቀለሙን ማጽዳት፣ ማለስለስ፣ ከዚያ ተቀብቶ እስኪደርቅ መታገስ ይጠይቃል። መኪናው ለርክክብ ሲዘጋጅ በጥድፊያ የሚቀባው ከዚህ ጋር አይገናኝም። የሚያጓጓው "የ5 ዓመት ዋስትና አለው" መባሉ ነው። ዋስትናውን አስነብቡ። በየዓመቱ ለምርመራ ካልቀረበ ይሰረዛል የሚል፣ ጉዳቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ አሳውቁ የሚል አንቀጽ ልታገኙ ትችላላችሁ። የዝገት መከላከያውም ተመሳሳይ ነው። የመኪናው አካል ከፋብሪካ የዝገት መከላከያ ይዞ ይመጣል፤ አምራቾችም ለዚሁ የተለየ ዋስትና ይሰጣሉ። በግዴለሽነት የተረጨ ቅባት ግን የበሩና የታችኛው አካል የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላል። ውኃው ውስጥ ከቀረ ዝገቱን የሚያመጣው ራሱ መከላከያው ይሆናል።

የተራዘመ ዋስትና ላይ ቀስ በሉ። መኪናው የ3 ዓመት የፋብሪካ ዋስትና ካለው "የ5 ዓመት" ዋስትና ሲሸጡላችሁ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ጠይቁ። ከዛሬ ከሆነ በገንዘባችሁ የገዛችሁት 2 ዓመት ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው አምራቹ ነው ወይስ ሌላ ኩባንያ? መኪናው የሚጠገነው የት ነው? ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪና ጎማ በአብዛኛው አይሸፈኑም። "ዛሬ ካልገዛችሁ ያልፋችኋል" ለሚሉትም ቶሎ አትደናገጡ። የአምራቹ የተራዘመ ዋስትና ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ሳያልቅ በማንኛውም ቀን ሊገዛ ይችላል።

ጋፕ ኢንሹራንስ የሚባለው ደግሞ መኪናው ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን፣ በቀሪው ዕዳችሁና መደበኛው ኢንሹራንስ በሚከፍለው የገበያ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍናል። ትንሽ ቅድሚያ ከፍሎ ረጅም ብድር ለገባ ሰው ይህ ትርጉም አለው። ግማሹን በጥሬ ለከፈለ ሰው ግን የሚሸፍነው ልዩነት ላይኖር ይችላል። ዋጋው ግን እንደምትገዙበት ቦታ ይለያያል። የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ደንበኞች ለጋፕ ከከፈሉት አረቦን በካሳ የተመለሰው 6 በመቶው ብቻ ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎች የአረቦኑን እስከ 70 በመቶ ለሻጮች ኮሚሽን ይከፍሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ብዙ ኩባንያዎች ሽያጩን ለጊዜው አቆሙ። ከመፈረማችሁ በፊት መደበኛ ኢንሹራንስ ሰጪያችሁን በስንት እንደሚሸጠው ጠይቁ።

የሚያዋጣው የቱ ነው ካላችሁኝ፣ በኋላ ለመግጠም የሚያስቸግር የፋብሪካ ምርጫ ነው። ለምሳሌ የደህንነት ሴንሰሮችና ካሜራዎች። ለመኪናው ልክ የተሠራ የላስቲክ ምንጣፍም ደህና ነው፤ ዋጋውን ብቻ ከዕቃ መሸጫ ጋር አወዳድሩት። "ቀድሞ ተገጥሟል፣ አይነሳም" ካሏችሁ፣ ያላዘዛችሁት ስለሆነ ዋጋው እንዲቀነስ ወይም ያልተገጠመበት መኪና እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ ደውለው የሚያስማሙ አሉ።

የፈረማችሁ ካላችሁም ውሉን ዛሬውኑ አውጡና የስረዛ አንቀጹን ፈልጉ። የተራዘመ ዋስትናና ጋፕ በብዙ ውሎች ላይ ሊሰረዙ ይችላሉ፤ ቶሎ ከሆነ ሙሉ ገንዘቡ፣ ከዘገየ ያልተጠቀማችሁበት ጊዜ ድርሻ ይመለሳል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ የደረሰኙን ኮፒ ያዙ። በብድር ከሆነ የገዛችሁት፣ ተመላሹ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ለአበዳሪው ነው የሚገባው። ወርሃዊ ክፍያው ላይቀንስ ይችላል፤ ዕዳችሁ ግን መቀነሱን ከአበዳሪው በጽሑፍ አረጋግጡ።