ናላርቦርን በኪራይ ካራቫን ለመሻገር ለምታስቡ

ባለቤቴ በምዕራብ አውስትራሊያ ባለችው ፐርዝ ከተማ ሥራ ስላገኘች ከአዴላይድ ወደዚያ ስንዛወር፣ ዕቃችንን በጭነት ልከን እኛ በራሳችን መኪና በኤር ሀይዌይ ለመጓዝ ወሰንን። ጠቅላላው ርቀት 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከሴዱና እስከ ኖርስማን ያለው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህሉ፣ ነዳጅ፣ ምግብና አልጋ በአንድ ላይ ከሚሸጡት ሮድሃውሶችና ከጥቂት መንደሮች በቀር ሰው የማይገኝበት፣ የናላርቦርን ሜዳ ያካተተ ሰፊ ምድር ነው። በየሮድሃውሱ አልጋ እየያዙ መሄድ ይቻላል። እኛ ግን ድካም በተሰማን ሰዓት አቁመን በራሳችን አልጋ ማደር ስለፈለግን፣ አዴላይድ ላይ ተረክበን ፐርዝ ላይ የምናስረክበው ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ተከራየን። ከዚህ በታች የምሰጠው አስተያየት ስለዚያ ካራቫንና ስለ አከራዩ ድርጅት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ለዚህ መንገድ ካራቫን የሚከራይ ሰው ከማንኛውም አከራይ ሊጠይቀው ስለሚገባው ነገር ነውና።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ካራቫኑ ከአምስት ኮከብ አራት ይገባዋል፤ ያጎደልኩት አንዱ ኮከብ የርክክቡ ጉድለት ነው። ብዙ ሰው ካራቫን ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው የአልጋውን ስፋትና የወጥ ቤቱን ንጽሕና ነው። እነዚህ በከተማ ዳርቻ ባለ የካራቫን ማቆሚያ ውስጥ ለሚያርፍ ሰው ትልቅ ዋጋ አላቸው። በናላርቦር ላይ ግን ካራቫን የሚመዘነው በክብደቱ አደላደል፣ በፍሬኑና በሚይዘው ውኃ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተከራየነው ካራቫን ስድስት ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጎማ የተገጠመለት፣ ለፒስታ መንገድ ተብሎ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ባዶውን 2,200 ኪሎ ይመዝናል፤ ከነጭነቱ እንዲደርስ የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ደግሞ 2,700 ኪሎ ነው። መኪናችን ቶዮታ ላንድክሩዘር 200 ስትሆን፣ ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ 3,500 ኪሎ እንድትስብ ስለተፈቀደላት በወረቀት ደረጃ የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ በባዶውና በተፈቀደው ክብደት መካከል ያለው 500 ኪሎ ሲሰሙት ብዙ ይምሰል እንጂ ፈጥኖ የሚያልቅ ነው። ሁለቱ የውኃ ታንከሮች ሲሞሉ ብቻ 190 ኪሎ ይወስዳሉ፤ በዚያ ላይ ሁለት ባለ 9 ኪሎ የጋዝ ሲሊንደሮች ከነብረታቸው፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ እንዲሁም በጭነት ለመላክ ሳስተን በእጃችን ያስቀረነው ዕቃ ሁሉ ይጨመራል።

በዚህ ረገድ የድርጅቱን ሠራተኛ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕቃችንን ሁሉ እንድንጭን ካደረገ በኋላ፣ ካራቫኑ በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት በትንሽ ሚዛን ለካ። ጥሩ የሚባለው የካራቫኑን ጠቅላላ ክብደት አሥር በመቶ ገደማ ሲሆን የእኛ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ሆነ፤ ምክንያቱም ባለቤቴ የታሸጉ ምግቦችንና መጻሕፍቷን የደረደረችው ከኋላ ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር። ሰውየው ሳይሰለች ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ወለል ላይ አስቀመጣቸውና እንደገና ለካ። ኋላው የከበደ ካራቫን ፍጥነት ሲጨምር ጅራቱን እያወዛወዘ የሚጎትተውን መኪና ጭምር ከመስመር ሊያስወጣ ስለሚችል፣ በዚያ ያጠፋነው ጊዜ ከጉዞው ሁሉ እጅግ ጠቃሚው ነበር ለማለት እደፍራለሁ። አከራያችሁ ይህን የማያደርግላችሁ ከሆነ እናንተው ጠይቁ።

ፍሬኑን በተመለከተ የአውስትራሊያ ደንብ ጥብቅ ነው። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ከ2,000 ኪሎ ሲያልፍ ደግሞ በድንገት ከመኪናው ቢላቀቅ በራሱ የሚያቆመው መሣሪያ ግዴታ ነው። የእኛ ካራቫን ሁለቱም ነበሩት፤ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ መቆጣጠሪያ ከመሪው በግራ በኩል ዳሽቦርዱ ላይ ተገጥሞ ነበር። ከመቆጣጠሪያው ላይ በጣት የሚገፋ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ሲገፉት የመኪናው ፍሬን ሳይነካ የካራቫኑ ጎማዎች ብቻ ይይዛሉ። የዚህ ቁልፍ ጥቅም የታየኝ ከካይጉና ወደ ባላዶኒያ በሚወስደውና 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት መታጠፊያ በሚዘረጋው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ርዝመታቸው እስከ 36.5 ሜትር የሚደርስ ሮድ ትሬን የሚባሉ ባለብዙ ተሳቢ የጭነት መኪናዎች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። አንዱ ከፊት ለፊት መጥቶ ሲያልፈን መጀመሪያ የገፋው አየር ካራቫኑን ወደ መንገዱ ዳር ገፋው፤ የተሳቢው ጫፍ ሲያልፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ሳበው፤ በስፖኪዮ ስመለከት የካራቫኑ ኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሄድ ጀምሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የመኪናውን ፍሬን መርገጥ መወዛወዙን ያባብሰዋል። እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ ቁልፉን በቀስታ ስገፋው ካራቫኑ እንደተያዘ በግ ወደ ኋላ ተጎተተና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መስመሩን ያዘ። ባለቤቴም በተራዋ ስትነዳ ያንኑ አድርጋ ያንኑ ውጤት አግኝታለች። ከዚህ በተጨማሪ እኛ በተጓዝንበት ጊዜ በዌስተርን አውስትራሊያ ተጎታች የሚስብ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲነዳ አይፈቀድም ነበር። የእኛ ምርጫ ከ90 አለማለፍ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት ነዳጁም ይቆጠባል፣ ካራቫኑም ይረጋጋል።

ከኪራዩ ጋር የተሰጠንን የሬድዮ መገናኛም ሳላመሰግን አላልፍም። የከባድ መኪና ነጂዎች በቻናል 40 ይነጋገራሉ። ከኋላችን የደረሰ አንድ ነጂ «ፍጥነትህን እንዳለ ያዝ፣ እኔ አልፋለሁ» ብሎ በሬድዮ ከነገረን በኋላ ሲያልፈን፣ የተሳቢው ጫፍ ሙሉ በሙሉ እንዳለፈን ነግረነው ወደ መስመሩ ገባ፤ አመስግኖንም ሄደ። ሬድዮ የሌለው ካራቫን ጎታች በዚህ መንገድ ላይ ለራሱም ለሌላውም ሥጋት ነው።

ስለ ውኃ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ናላርቦር 200,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የኖራ ድንጋይ ሜዳ ነው። የሚዘንበው ጥቂት ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ስለሚሰርግ ወንዝም ምንጭም በላዩ አይታይም። ሮድሃውሶቹ ራሳቸው ውኃ የሚቸግራቸው በመሆናቸው የመንገደኛን ታንከር ይሞሉልኛል ብሎ መነሳት አይገባም። ስለዚህ ሁለት ባለ 95 ሊትር ታንከር ያለው ካራቫን መምረጣችን ትክክል ነበር፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ቁጠባ ለታከለበት ገላ መታጠቢያ በቂ ሆኖልናል። የቅሬታዬ መነሻም ግን ይኸው ውኃ ነው። ከመታጠቢያው በላይ ያለው የውኃ መለኪያ ሁለቱም ታንከሮች ሙሉ መሆናቸውን እያሳየ፣ ከዩክላ ካለፍን በኋላ ባለቤቴ ቧንቧውን ስትከፍተው ፓምፑ አየር እየሳበ ይንኳኳ ጀመር፤ ከቧንቧው የወጣው ጠብታ ብቻ ነበር። ወርጄ ከሥር የኋለኛውን ታንከር በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ወደ ፊተኛው ታንከር የሚያዞረው ቫልቭ ከአልጋው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ይህን ግን ማንም አልነገረንም። በተጨማሪ የመጠጥ ውኃ በጀሪካን ይዘን ስለነበር አልተጨነቅንም። መለኪያው የተበላሸ መሆኑን ድርጅቱ ከእኛ በፊት ከነበሩት ተከራዮች ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ የውሸት መለኪያ ከሌለ መለኪያ የከፋ ነው።

የኤሌክትሪኩ ሥራ እንከን አልነበረበትም። በጣሪያው ላይ ያሉት ሶላሮች ባትሪውን እስከ እኩለ ቀን ይሞሉታል፤ ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮም መብራትና የስልክ ቻርጅ አልተቋረጠብንም። ስለ ፍሪጁ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከሳውዝ አውስትራሊያ ወደ ዌስተርን አውስትራሊያ የሚገባ መኪና ሁሉ ቦርደር ቪሌጅ ላይ ባለው የኳራንቲን ኬላ ይፈተሻል። ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ማር ማስገባት ስለማይፈቀድ ተቆጣጣሪዋ ካራቫኑ ውስጥ ገብታ ፍሪጁንና ቁም ሣጥኖቹን ሁሉ ከፍታ አይታለች። ሥራዋን በትሕትናና በጥንቃቄ የሠራች ሴት ነበረች። ትልቅ ፍሪጅ አለን ብሎ አዴላይድ ላይ አትክልት ማጨቅ ግን ኬላው ላይ ለመጣል ነው። ከኬላው ወዲያ ሰዓት እንኳ ልዩ ነው፤ ዩክላና አካባቢዋ ከፐርዝ በ45 ደቂቃ የሚቀድም የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ የሮድሃውስ መዝጊያ ሰዓት ሲያሰሉ ይህን መርሳት አይገባም።

ስለ አልጋው፣ ስለ ምድጃውና ስለ መጸዳጃው ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ንጹሕና ምቹ ነበሩ። ማታ ማታ በመንገድ ዳር ማረፊያዎች አቁመን አድረናል። ሄድ ኦቭ ባይት በተባለው ቦታ፣ በነሐሴ ወር ሳውዘርን ራይት የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከግልገሎቻቸው ጋር ከገደሉ ሥር ሲንሳፈፉ ለማየት ከተዘጋጀው የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆመን የቆየንበት ግማሽ ቀን፣ ምሳችንን እዚያው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሠርተን መብላታችን ካራቫኑን በእጅጉ አስወደደን።

የኪራይ ውሉን በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። የእኛ ውል ከመሸ በኋላ ከከተማ ውጭ መንዳትን ይከለክላል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ካንጋሩ፣ ኢሙ የሚባለው ትልቅ ወፍና ግመል ወደ መንገዱ የሚወጡት በተለይ ሲመሽና ሲነጋ ነውና። የማልስማማበት ሌላ ነው። ካራቫኑ ለፒስታ ተብሎ የተሠራና እንዲያውም በማስታወቂያው በዚሁ የተወደሰ ሆኖ ሳለ፣ ውሉ ከአስፋልት ውጭ የደረሰ ጉዳት ሁሉ በኢንሹራንስ አይሸፈንም ይላል። ኤር ሀይዌይ ራሱ ከ1976 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ስለሆነ ለዋናው ጉዞ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ወደ ባሕሩና ወደ ዋሻዎቹ የሚገነጠሉት መንገዶች አብዛኛዎቹ ፒስታ ናቸው። በወፍራም አሞርዛተርና በትላልቅ ጎማ የተጨመረውን ኪራይ እየከፈልን በእነርሱ ለመጠቀም አለመቻላችን ፍትሐዊ አይደለም። ስልክም ከሮድሃውሶቹ አካባቢ ራቅ ሲል ስለማይሠራ፣ ውሉ የሚጠቅሰው የ24 ሰዓት የስልክ እርዳታ በብዙው መንገድ ላይ ሊደረስበት አይችልም። ድርጅቱ የሳተላይት ስልክ በኪራይ እንኳ ቢያቀርብ መልካም ነበር።

ርክክቡ ላይ የጎደለውን ልናገር። ክብደቱን በዚያ ጥንቃቄ የለካልን ሠራተኛ ስለ ውስጡ ዕቃ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም፤ ሌሎች ተከራዮች ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር። ጋዙን እንዴት መዝጋት፣ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ታንከር እንደሚከፍት፣ የፍሪጁ በር በጉዞ ላይ እንዳይከፈት የሚይዘው መቆለፊያ የት እንዳለ የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖር ኖሮ አብዛኛው ችግር አይፈጠርም ነበር። የፍሪጁን መቆለፊያ ያገኘነው በሩ ተከፍቶ እርጎው ወለሉ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ፐርዝ ላይ የተረከበችን ሠራተኛ ስለ ውኃ መለኪያው የነገርናትን ሁሉ በጽሑፍ መዝግባ፣ በድንጋይ የተጫረውን የፊት መከላከያ አይታ «ይህ የመንገዱ ነው» በማለት ሳታስከፍለን አልፋዋለች። ያስያዝነው ገንዘብም ሳይቀነስ በሳምንቱ ተመልሶልናል።