«ልጄ ሊፈታ ነው ወይ?» ፖሊቲፋክትን እንዴት እንዳየሁት

ባሕር ዳር ሽምብጥ ጎረቤታችን የሆኑ እትዬ አሉ። ልጃቸው አሜሪካ እስር ቤት ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ ሲሸጥ ተይዞ። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን ማሪዋና ይዘው በመገኘታቸው ለተፈረደባቸው ሰዎች ይቅርታ አደረጉ። ወሬው እኛ ሰፈር ለመድረስ ቀን አልፈጀበትም። ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ሳይቀዳ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና «እስቲ በዚያች ስልክህ እይልኝ፣ ልጄ ሊፈታ ነው ወይ?» አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፖሊቲፋክት የሚባለውን ድረ ገጽ በደንብ ያወቅኩት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሎሪዳ ያለ ጋዜጣ የጀመረው ነው፤ በ2009 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ፖለቲከኛው ያለውን ይወስዳሉ፣ ያጣራሉ፣ ከዚያ ስድስት ደረጃ ባለው መለኪያ ይፈርዱበታል። እኔን ግን የማረከኝ መለኪያው አይደለም። ከጽሑፉ ጋር መረጃውን ከየት እንዳገኙት ይዘረዝራሉ፤ አንተም ሄደህ ራስህ ታያለህ። እኔም እንደዚያ ምንጭ እያሳደድኩ አመሸሁ።

ያገኘሁት ልብ ይሰብራል። ይቅርታው በፌዴራልና በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ የተፈረደባቸውን ብቻ ነው የሚመለከተው፣ እሱም ለሽያጭ ሳይሆን ይዞ ለመገኘት ብቻ። የዋይት ሐውስ ባለሥልጣናት ራሳቸው በዚያው ቀን በዚህ ጥፋት ብቻ ፌዴራል እስር ቤት ያለ ሰው እንደሌለ ተናግረዋል። ይቅርታው ለሚደርሳቸው 6,500 ገደማ የፌዴራል ጥፋተኞች ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም፤ ሥራና ቤት ሲፈልጉ የተፈረደባቸው ጥፋት እንቅፋት ይሆንባቸዋል። ከእስር ቤት በር የሚወጣ ሰው ግን አልነበረም።

ብዙ ፖለቲከኛ የሚስተው ይህን የፌዴራልና የስቴት ልዩነት ነው፤ ስቴት ማለት እኛ ክልል እንደምንለው ነው። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2015 ፊላደልፊያ ላይ ሲናገሩ፣ የእስረኛው ቁጥር የበዛበት ትክክለኛ ምክንያት ኃይል ያልተጠቀሙ የዕፅ ጥፋተኞች መታሰራቸው ነው ብለው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ኤል ሬኖ የሚባል እስር ቤት ጎበኙ፤ የፌዴራል ነው። ያኔ በፌዴራል እስር ቤቶች ግማሽ ያህሉ በዕፅ የተፈረደበት ስለነበር እዚያ ላለ ሰው ንግግሩ እውነት ይመስላል። ግን አብዛኛው የአሜሪካ እስረኛ ያለው በስቴቶቹ እስር ቤት ነው፣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ፣ እዚያ ደግሞ በዕፅ የታሰረው 16 በመቶ ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላዩ በኃይል ወንጀል ነው የገባው። በሌላ ወገን «በዕፅ የሚታሰር ሰው የለም» የሚሉትም ልክ አይደሉም። በዕፅ ምክንያት በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው ይያዝ ነበር።

ፖሊቲፋክት ላይ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ከስድስቱ ደረጃዎች አንዷን፣ «ግማሽ እውነት» የምትለዋን ምልክት ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው የትኛው ግማሽ እንደሆነ አያውቅም፤ ቁም ነገሩ ግን እሱ ነው። ደግሞ በአማርኛ የለም። ለእትዬ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር መተርጎም ነበረብኝ። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ዘመድ ውጭ አገር ለታሰረበት ሰው ግን ከወሬ በፊት እዚያ ግባ ነው የምለው።

በነጋታው ሄድኩ። ለእትዬ መንገር ከበደኝ። በመጨረሻ «እኛ አገር የፌዴራል ይቅርታ ሌላ፣ የክልል ይቅርታ ሌላ አይደል? እነሱም ጋ እንደዚያው ነው» አልኳቸው። ብድግ ብለው ከፍራሹ ሥር ልጃቸው የላከላቸውን ደብዳቤ አወጡ። ፖስታው ጠርዙ አልቋል። የላኪው አድራሻ ላይ የስቴቱ ማረሚያ ቤት ስም አለ። እሱን አንብቤ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ ደብዳቤውን በነጠላቸው ጠርዝ አበሱና መልሰው አስቀመጡት።

አሁን ስለ አሜሪካ እስረኞች ወሬ በመጣ ቁጥር እትዬ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የፌዴራሉ ነው የስቴቱ?» ብለው ነው።