ኢስቶኒያ በጥድፊያ፣ ኡዝቤኪስታን በዝግታ

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ኢስቶኒያና ኡዝቤኪስታን ወደ ገበያ ኢኮኖሚ የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነበር። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በጁን 1992 ሩብልን ትታ ክሮን የተባለ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ ስምንቱን ክሮን በአንድ የጀርመን ማርክ ተመነች፤ የገቢ ዕቃ ቀረጥን ከሞላ ጎደል አንስታ የመንግሥት ድርጅቶችን ለውጭ ገዢዎች ጭምር ሸጠች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ የብዙዎችም ቁጠባ በዋጋ ንረት ተበላ፤ ይሁንና አገሪቱ በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን፣ በ2011 የዩሮን ቀጣና ተቀላቀለች።

ኡዝቤኪስታን ግን ጥጡንና ወርቁን ከመንግሥት እጅ አላወጣችም፤ በዚህም የ1990ዎቹ የምርት ማሽቆልቆል ከአብዛኞቹ የቀድሞ ሶቪየት አገሮች ይልቅ ቀለል ብሎላታል። የዚህን ዋጋ የከፈለችው ዘግይታ ነው። ከ1996 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በጥብቅ በመገደቡ ጥቁር ገበያ ደራ፤ ትልቁ የገንዘብ ኖት እስከ 2013 ድረስ 1,000 ሶም ብቻ ስለነበር በታሽከንት መቶ ዶላር የመነዘረ ሰው ገንዘቡን በፌስታል ተሸክሞ ይሄድ ነበር (የባንክና የጥቁር ገበያ ሁለት ተመን ጣጣ ለእኛም አገር ሰው እንግዳ አይደለም)። በሴፕቴምበር 2017 ምንዛሪው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ4,200 ሶም ገደማ ወደ 8,100 ዘለለ።

በእኔ ግምት የኢስቶኒያ ሕመም ጠንካራ ቢሆንም አጭር ነበር፤ ሆኖም ፊንላንድን በባሕር ማዶ የምታይ አገር የነበራት ዕድል፣ ባሕር ለመድረስ ሁለት ድንበር ማቋረጥ ለሚኖርባት ኡዝቤኪስታን አልነበረም።