በቁርጥ ወይስ በወር ደመወዝ? የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች ክፍያ

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለሚቀጠር ልብስ ሰፊ፣ በወር ደመወዝ ይከፈለው ወይስ በሰፋው ልብስ ቁጥር የሚለው ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ ነው። ክርክሩም አዲስ አይደለም፤ በብሪታንያ የመርከብ ግንባታ ስፍራዎች ሪቬት መቺዎች (የመርከቡን ብረቶች የሚያያይዙትን ችንካሮች የሚመቱ ሠራተኞች) በመቱት ቁጥር ይከፈላቸው ስለነበር፣ የአንዱ ዋጋ ስንት ይሁን በሚል ከአሠሪዎቻቸው ጋር ደጋግመው ተጋጭተዋል።

የቁርጥ ክፍያ፣ ማለትም በተሠራው ቁጥር የሚታሰበው፣ እጀ ፈጣኑን ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ሠራተኛው በፈጠነ ቁጥር አሠሪው የአንዱን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ይፈተናል፤ ቀላሉ ካናቴራና ብዙ ስፌት ያለው ጃኬት በተቀራረበ ዋጋ ሲታሰቡ ደግሞ ቅሬታው ይብሳል። ከሁሉ የሚከፋው መብራት ሲጠፋ ወይም ጨርቅ ሲዘገይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ አቅርቦት መቋረጥ ወይም በእርሱ ጉድለት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ የቀረ ሠራተኛ ደመወዙን እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ በቁጥር የሚከፈለው ግን በዚያ ቀን ስንት ይሰፋ እንደነበር ማስረዳት ይቸግረዋል።

የወር ደመወዝ ከዚህ ሙግት ያድናል፤ ጉድለቱ ትጉሁን ከሰነፉ አለመለየቱ ነው። በእኔ እምነት ከደሴና ከቃሉ ገጠሮች መጥቶ ቤት የተከራየ ወጣት ቋሚ ደመወዝ መሠረት ሊሆነው፣ የቁርጥ ክፍያውም የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚያደርጉት ኅብረት ስምምነት በጽሑፍ ተወስኖ በላዩ ሊታከልለት ይገባል።