ቴሲሴን ካግል ላይ ሠራሁት፣ መብራት ጠፍቶም ጭምር

የማስተርስ ቴሲሴ ከአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም ለቅሞ የሚያወጣ ሞዴል ማሠልጠን ነው። ላፕቶፔ ሞዴል ማሠልጠንን የሚያፈጥነው ቺፕ፣ ማለትም ጂፒዩ፣ የለውም። ለመግዛት ደግሞ ኪሴ አይፈቅድም። ስለዚህ ሥራውን ከሞላ ጎደል ካግል በሚባል፣ ኮድ በራሱ ሰርቨር ላይ በሚያሠራ ድረ-ገጽ ላይ ጨረስኩት።

ስልክ ቁጥር ካረጋገጣችሁ በነፃ በሳምንት 30 ሰዓት ገደማ ጂፒዩ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ዙር እስከ 12 ሰዓት ይሄዳል። እኔን የገዛኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። ኮዱን «ሴቭ ኤንድ ራን ኦል» የሚለውን ተጭናችሁ ከለቀቃችሁት ብራውዘሩን ብትዘጉት፣ መብራት ቢሄድ፣ ዋይፋዩ ቢሞት እሱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ቡና ስንጠጣ «ሥራዬ እየሄደ ነው» ብላት እናቴ «ኮምፒውተሩ ጠፍቶ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዳታው አማርኛን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የወጣው፣ ስሞቹ ምልክት የተደረገባቸው ጽሑፎች ስብስብ፣ ማሳካነር ነው። መነሻ ሞዴሉን ሰዎች ሞዴሎቻቸውን ከሚያጋሩበት ድረ-ገጽ፣ ከሀጊንግ ፌስ፣ አወረድኩ። ኖትቡኩን (ኮዱ የተጻፈበትን የካግል ገጽ) ለአማካሪዬ ሼር ሳደርግላቸው ስህተቴን ኮዱ ላይ ገብተው አሳዩኝ፤ በኢሜይል ፋይል መላላክ ቀረ።

የመጀመሪያ ሳምንት ግን ጂፒዩውን አብርቼ ኮድ ሳነብ ሰዓቴን በላሁት፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ኮዱን መጀመሪያ ጂፒዩውን ሳታበሩ በሲፒዩ (በተራው የኮምፒውተር ቺፕ) ሞክሩት። የጂፒዩው ሜሞሪ 16 ጊጋባይት ስለሆነ በጣም ትልልቅ ሞዴል ሙሉ በሙሉ ላሠልጥን ካላችሁ አይሞከርም። የታካሚ መረጃ ምናምን የያዘ ዳታ ካላችሁ ደግሞ እዚያ ከመጫናችሁ በፊት አማካሪያችሁን ጠይቁ።