ለእናቴ የሚሆን የልጅ ጋሪ ላገኘችልን የመርካቶ ነጋዴ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት በሰው ፊት እንድትመሰገን ስለምፈልግ ነው። መርካቶ ውስጥ የልጆች ዕቃ ትሸጣለች። አዲስም አላት፣ ከውጭ የመጣ ያገለገለም አላት። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ለምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር እንድልክላችሁ ፈቅዳልኛለች።

የእኛ ኑሮ እንዲህ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጥታ እዚሁ ቀረች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። እሱ ሲያልቅ እኔ ሥራ ገባሁ፣ ልጁ ከእናቴ ጋር መዋል ጀመረ። ጠዋት ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ጉሊት ይዛው ትወርዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ የክትባቱ ቀን ሲደርስም ጤና ጣቢያ የምትወስደው እሷ ናት። እናቴ ልጆቿን ሁሉ አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። አሁን ግን ወገቧ እሺ አላላትም። ኮብልስቶኑ ላይ ልጅ አዝሎ መሄድ ጉልበቷን ያማታል።

ስለዚህ ጋሪ ያስፈልገን ነበር። ከዚህች ነጋዴ በፊት ሌሎች ሱቆችም ገብተናል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁሌም «ስንት ብር ይዛችኋል?» ነው። ከዚያ በያዛችሁት ብር ከሚገኘው ትልቁና የሚያብረቀርቀው ይቀርባል።

እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «ጋሪውን የሚገፋው ማን ነው?»

«እናቴ ናት» አልኳት።

«ታዲያ እሳቸው ሳይኖሩ እንዴት እንመርጣለን? ይዘሻቸው ነይ።»

በዚያ ቀን ምንም አልሸጠችልኝም። ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ብር ይዞ የመጣን ደንበኛ እንዲህ ብሎ መመለስ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

ከእማዬ ጋር ስንመለስ «እናቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብላ በርጩማ አመጣችላት። ከዚያ በኋላ ወሬዋ ሁሉ ከእናቴ ጋር ሆነ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር የማዳምጠው። ደረጃው ጠባብ ነው? ጋሪውን ምድር ላይ የሚያስቀምጡበት ቦታ አለ ወይስ በየቀኑ ፎቅ ይወጣል? ከግቢ እስከ አስፋልት መንገዱ ምን ዓይነት ነው? ሩቅ ሲሄዱ ሚኒባስ ነው ወይስ ራይድ ይጠራሉ? የልጁ አንገት ጠንቷል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሱቁ ዕቃ ግማሹን ከምርጫ አወጣው። ሕፃን አንገቱን ችሎ የሚይዘው በ4 ወር ገደማ ነው። ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ደግሞ 6 ወር አካባቢ። እስከዚያ ድረስ መቀመጫው ወደ ኋላ ተለጥጦ ጠፍጣፋ የማይሆን ጋሪ አይሆነውም። ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጠው ከሆነ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ይወድቃል፣ ትንፋሹንም ሊያውከው ይችላል። እንደ ዣንጥላ የሚታጠፉት ቀለል ያሉ ጋሪዎች ብዙዎቹ መቀመጫቸው ወደ ኋላ የሚለጠጠው ትንሽ ብቻ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት እነሱ ላይ ነበር፣ ለደረጃ ቀላል ስለሆኑ። «ዓመት ሲሞላው ነይና አንዱን ውሰጂ፣ አሁን ግን አልሸጥልሽም» አለችኝ።

ቀጥሎ የክብደት ጉዳይ መጣ። ትልልቆቹ ጋሪዎች 12 እና 13 ኪሎ ይመዝናሉ። ልጁ ሲጨመርበት እናቴ ሦስት ፎቅ ልታወጣው አትችልም። ቀላሉ ጋሪ ደግሞ ትንንሽ የፕላስቲክ ጎማ ስላለው ኮብልስቶን ላይ በየድንጋዩ መሃል ይሰነቀራል። ሁለቱን ያስታረቀችው በጥያቄዋ ነው። ከደረጃው ሥር ክፍት ቦታ እንዳለ እማዬ ስትነግራት፣ የብሎኩን ኮሚቴና ጥበቃውን አናግረን እዚያ በሰንሰለት ማሰር እንደምንችል አሰበችልን። ከዚያ ወዲህ እናቴ ልጁን አቅፋ ትወርዳለች፣ ጋሪው ታች ይጠብቃታል። ክብደቱ ትንሽ ቢጨምርም ችግር የለውም ማለት ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን ይሄ ሐሳብ አይመጣልኝም ነበር።

ጎማው ላይ ብዙ ቆየን። በነፋስ የሚሞላው ጎማ በጣም ይመቻል፣ ንዝረት አያሳልፍም። ግን ይበሳል። ጎሚስታ በየመንገዱ ቢኖርም እናቴ ልጅ ይዛ ጎሚስታ እንድትፈልግ አልፈለገችም። የመረጠችልን ነፋስ የማይሞላ፣ ውስጡ ፎም የሆነ ትልቅ ጎማ ነው፤ የኋላው ሞላ አለው። የፊቱ ጎማ ወደ ጎን ይዞራል፣ ሸካራ መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚቆለፍበት ነገር አለው። ለጀሞ የውስጥ መንገድ ይህ መቆለፊያ ትልቅ ነገር ነው። ሳይቆለፍ ከተገፋ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ይጠማዘዛል፣ የሚገፋው ሰው ክንድ ይዝላል። ዋናው መንገድ ዳር አዲስ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ደግሞ ፈትቶ በአንድ እጅ መንዳት ይቻላል።

ባዶ ጋሪ ሱቅ ውስጥ ማንሸራተት ምንም አያሳይም። ይህን ነጋዴዋ በደንብ ታውቃለች። የ5 ኪሎ ዱቄት ከረጢት መቀመጫው ላይ አስራ፣ እናቴን ወደ ውጭ ይዛት ወጣች። ንጣፉ የተነሳበት ቦታ ላይ አስገፋቻት። ጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚወጣ አሳየቻት፦ እጀታውን ወደ ታች ጫን፣ የፊቱ ሲነሳ ወደፊት፣ ከዚያ የኋላውን። ስትወርድ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ የኋላ ጎማውን አስቀድማ እንድትወርድ። እማዬ አጭር ናት። እጀታው ከፍ ዝቅ የማይል አንድ ጥሩ ጋሪ ነበር፣ ትከሻዋን ወደ ላይ ሲያነሳባት አይታ ወዲያው መለሰችው። ዋጋው ከወሰድነው ይበልጥ ነበር።

ከሁሉም ልቤን የነካው የመታጠቂያው ነገር ነው። መታጠቂያው ባለ አምስት መሆን አለበት፤ ሁለት ትከሻ ላይ፣ ሁለት ወገብ ላይ፣ አንዱ በእግሮቹ መሃል። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ልጁ እንዲንሸራተት መንገድ ይተዋል። ይህን ብዙ ሻጭ ይናገራል። እሷ ግን የእናቴን ጣቶች አየች። የእማዬ ጣቶች ጠዋት ጠዋት ይደርቁባታል። «እናቴ፣ እስቲ ራስዎ ይሰሩት፣ ራስዎ ይፍቱት» አለቻት። የአንዱ ጋሪ ቁልፍ በጣም ጠንካራ ነበር፣ እናቴ ልትፈታው አልቻለችም። ያ ጋሪ ወጣ። «መፍታት ካቃታቸው አንድ ቀን ማሰር ይተዋሉ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እማዬ እንዳትሰማ። ዕድሜ ልክ ልጅ ያሳደገችን ሴት ሳታሳፍር እንዲህ ማስተማር ትልቅ አስተዳደግ ነው።

በነጠላውም ነገር እንዲሁ። እናቴ ልጁን ከንፋስና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ጋሪውን ሙሉ በሙሉ በነጠላ ልትሸፍነው አስባ ነበር። ነጋዴዋ «ይሄ ያረጀ ነገር ነው» አላለቻትም። ጋሪ በጨርቅ ሲሸፈን አየር አይዘዋወርም፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ ልጁም በሙቀት ይጎዳል አለቻት። ከዚያ ነጠላውን ተቀብላ በጎንና በጎን እንዴት እንደሚንጠለጠልና ፊቱ ክፍት እንደሚቀር አሳየቻት። ንፋሱም ተከለከለ፣ እናቴም ደስ አላት። ማዘሉንም አላስተወቻትም። «ቤት ውስጥ ይዘሉት፣ እሱም ይወዳል፤ ጋሪው ለመንገድ ነው» ነው ያለቻት።

ዘንቢሏን እጀታው ላይ እንዳታንጠለጥልም ነግራታለች። ልጁ ከጋሪው በተነሳ ቅጽበት በሸክሙ ምክንያት ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ይገባል።

የወሰድነው ያገለገለ ነው፣ ከአውሮፓ የመጣ። ያገለገለ ለምትገዙ ይህችን ሴት የምመክርበት ትልቁ ምክንያት አመራመሯ ነው። የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ ከፍታ ዘግታ፣ ጋሪው ከተዘረጋ በኋላ መቆለፊያው «ቀጭ» ብሎ መያዙን በእጅ ተጭና አሳየችን። ፍሬኑን ይዛ ዳገት ላይ ዱቄቱን ጭና አቆመችው። የመታጠቂያውን ስፌት በጣቷ እየዳበሰች አየች። ፍሬሙ ላይ ያለውን ጽሑፍም አነበበችልን፤ ኢኤን 1888 የሚለው የአውሮፓ የልጅ ጋሪ ደረጃ እንደሆነ አስረዳችን።

ስለ መገጣጠሚያው የነገረችንን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ስም ያለው ዕቃ ነው ተብሎ ብቻ አይገዛም። ማክላረን በታጣፊ ጋሪ የታወቀ ስም ነው። መሥራቹ ኦወን ማክላረን የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፣ እንደ ዣንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈው እሱ ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸውን 1 ሚሊዮን ያህል ጋሪዎች አደገኛ ጉድለት ስለተገኘባቸው፣ የገዙት ሰዎች መጠቀም አቁመው መፍትሔ እንዲወስዱ ጥሪ አድርጓል። ጋሪው ሲዘረጋ የ12 ልጆች የጣት ጫፍ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ተቆርጦ ነበር። መፍትሔው መገጣጠሚያውን የሚሸፍን ጨርቅ መስጠት ነበር። ያ ዘመን ያለፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ያገለገለ ጋሪ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ ከዘመድ ሻንጣ ጋርም አገር ይሻገራል። ስለዚህ የመጣበት አገር የትም ይሁን፣ መገጣጠሚያውን እዩ። ስታጥፉና ስትዘረጉ ልጁ በአጠገቡ አይሁን። የጋሪውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ከፍሬሙ ላይ አንብባችሁ እንዲህ ያለ የጉድለት ጥሪ ተደርጎበት እንደሆነ በኢንተርኔት ፈልጉ። እሷ የእኛን ሞዴል እዚያው ቆመን በስልኳ ፈልጋ አሳይታናለች።

ልጁ ክትባት ሲኖረው ራይድ ነው የምንጠራው። የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቪትዝ ነው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ደግሞ ጠባብ ነው። ነጋዴዋ የታጠፈውን ጋሪ በሜትር ለክታ «ቪትዝ ላይ በጎኑ ይገባል፣ የፊት ጎማው ግን መውለቅ አለበት» አለች። እንዳለችው ሆነ። እናቴ ጎማውን ማውለቅ ስለማትችል ሹፌሮቹን ትጠይቃለች፤ እስካሁን እምቢ ያላት የለም።

ከሸጠችልን በኋላም አልረሳችንም። ክረምቱ መሃል ላይ አንዱ የኋላ ጎማ መንጫጫት ጀመረ። ደወልኩላት። ዘይት እንዳልቀባው ነገረችኝ፤ የምግብ ዘይትም ሆነ የሞተር ዘይት አቧራና ጭቃ ይሰበስብና ይብስበታል። ጎማውን አውልቄ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ እንድጠርግ፣ ካደረቅኩት በኋላ እንድመልሰው አለችኝ። ድምፁ ግን አልጠፋም። ሱቋ ስወስደው አብሯት የሚሠራው ወንድም ከፍቶ አየው። ድሮ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር፣ እጁ ወርቅ ነው። ውስጡ ያለው ቀለበት ተበልቷል። ከሌላ አሮጌ ጋሪ አውልቆ ቀየረልኝ፣ የሠራበትንም ትንሽ ብር ብቻ ነው የተቀበለኝ። ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

እናቴ አሁን ጠዋት ልጁን ይዛ ስትወጣ ወገቧን አትይዝም። ጉሊት ያሉት ሴቶች ጋሪውን ያውቁታል፣ ልጁንም በስሙ ይጠሩታል። ባለፈው እሑድ ነጋዴዋን ልታመሰግን ዳቦ ደፍታ በእኔ ልካላታለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ ብላሻለች።

ለምትሄዱ፦ ቅዳሜ ሱቋ ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ጊዜ ሰጥታ ታስተናግዳችኋለች። የደረጃችሁን ወርድ ለክታችሁ ያዙ፣ መኪና ካላችሁም ዓይነቱን ንገሯት። ዋጋ ላይ ትንሽ ትቀንሳለች፣ ብዙ አትከራከሯት። ቤታችሁ ልጅ ያደገበት ጋሪ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ የተሰበረም ቢሆን ትገዛለች። ጎማውና መታጠቂያው ለሌላ ሰው ጋሪ መጠገኛ ይሆናል፣ በተለይ የኋላ ጎማ አጥሯታል።